መሄጃው ሃምሳ ደቂቃ

አባቴ የሚኖርበት ከተማ ከእኛ ከተማ የሚርቀው ሃምሳ ደቂቃ ነበር። የእኛ ከተማ ግን ከእሱ ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ይርቃል። ይህን የደረስኩበት በስምንት ዓመቴ ነው። ማንም አልነገረኝም፤ በገዛ ዐይኔ አንብቤ፣ በጣቴ ቆጥሬ፣ ሁለት ጊዜ ደግሜ አረጋግጬ ነው።

የተጻፈው እናቴ በምትሠራበት የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ግድግዳ ላይ ነበር። ከባንኮኒው ጀርባ፣ ከጣሪያው ሥር ጀምሮ እስከ እናቴ ትከሻ የሚወርድ ሰማያዊ ሰሌዳ ተሰቅሏል። በነጭ ቀለም የከተማው ስም፣ ከስሙ ጎን ርቀቱ በኪሎ ሜትር፣ ከዚያ መነሻ ሰዓት፣ ከዚያ መድረሻ ሰዓት። ቢሮው ለትምህርት ቤቴ ቅርብ ስለነበር ከትምህርት ስወጣ እስኪዘጋ ድረስ ከባንኮኒው ኋላ አጭር በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። የቤት ሥራዬን ጨርሼ፣ ዳቦዬን በልቼ፣ በባንኮኒው ሥር ባለው ክፍተት የሚታየኝን የደንበኛ ጫማ ሁሉ ቆጥሬ ሲያበቃ የሚቀረኝ ያንን ሰሌዳ ማንበብ ነበር። ሌላው ልጅ ተረት ሲያጠና እኔ የበረራ ሰዓት በቃሌ ያዝኩ።

የአባቴ ከተማ ከላይ ሰባተኛው መስመር ላይ ነው። ርቀት 2,900 ኪሎ ሜትር። መነሻ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ መድረሻ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃምሳ። ከሥሩ የመመለሻው አለ፤ መነሻ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ መድረሻ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ።

ኪሎ ሜትሩ በሁለቱም በኩል አንድ ሆኖ ሳለ ሰዓቱ እንዲህ መለያየቱ መጀመሪያ ላይ ግር ብሎኝ ነበር፤ ግን ብዙም አላስቸገረኝም። ቤታችን ያለው ዳገት ላይ ነው። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ቁልቁለቱን በአሥር ደቂቃ ዱብ ዱብ እያልኩ እወርደዋለሁ፤ ከእናቴ ጋር ስንመለስ ግን ያንኑ መንገድ ግማሽ ሰዓት እያለከለክን ነው የምንወጣው። ስለዚህ የአባቴ ከተማ ታች ነው ማለት ነው። አውሮፕላኑ ሲሄድ ይንደረደራል፣ ሲመለስ ዳገቱ ይይዘዋል። ነገሩ እንዲህ ግልጥልጥ ብሎ እያለ ትልልቅ ሰዎች "አባትሽ ለምንድነው የማይመጣው?" እያሉ ለምን እንደሚያደርቁኝ አይገባኝም ነበር። ሰውዬው ግማሽ ቀን ሙሉ ሽቅብ እንዲወጣ ነው እንዴ የሚፈልጉት?

አባቴ የብየዳ ሠራተኛ ነው። ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ትልልቅ የውኃ ቧንቧ የሚዘረጋ ድርጅት ቀጠረውና "ለአንድ ዓመት ነው" ብሎን ሄደ። ሦስተኛው ዓመት ተጀምሮ ነበር። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ይደውላል። እኛ ሳህን እያጠብን እሱ ገና ቁርሱን መብላቱን ሲነግረን እገረም ነበር። እናቴ "አባትሽ እንቅልፍ ይወዳል" ስትል ሰምቼ ስለነበር እሑድ እስከ ምሳ ሰዓት የሚተኛ ሰው አድርጌ ይዤዋለሁ፤ በዚህም ትንሽ አፍርበት ነበር።

ከእናቴ ጎን የምትሠራውን ሴትዮ ሰው ሁሉ "ወይዘሮ ማኅተም" ነበር የሚላት። ትኬት ላይ ማኅተም ስታሳርፍ ባንኮኒው ይናወጣል። ደስ ሲላት የእኔንም መዳፍ ትመታውና "አንቺ እንድትበሪ ተፈቅዶልሻል" ትለኛለች። እኔም ቀለሙ እንዳይለቅ ማታ እጄን ሳልታጠብ ለመተኛት እሞክራለሁ፤ እናቴ ታዲያ አንድም ቀን አልተሸወደችልኝም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ጭር ባለበት ሰዓት ሁለቱ ሲነጋገሩ ጆሮዬን አቁሜ ሰማሁ። እርሳሴን እየቀረጽኩ ነበር። የልጅ ጆሮ ከእርሳስ መቅረጫ ኋላ እንደሚሰማ ትልልቅ ሰዎች አያውቁም።

"ለሚመጣው ሳምንት ዓርብ ቦታ ይዤለታለሁ" አለች እናቴ። "የሠራተኛ ትኬቴን ነው የሰጠሁት። በዓመት የምትደርሰኝ አንዷን።"

"እሱስ ምን አለ?"

"እሺ አለ።"

"ባለፈውስ እሺ ብሎ አልነበር እንዴ?"

እናቴ የትኬት ጥራዙን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ደጋግማ ታስተካክላለች፤ ጥራዙ ግን ድሮም የተስተካከለ ነበር። "ከመጣ መጣ" አለች በመጨረሻ። "ዓርብ ካልመጣ ግን የማደርገውን አውቃለሁ።"

"እሰይ! ቁርጥ አድርጊው እንጂ" አለች ወይዘሮ ማኅተም። "እስከ መቼ በሰው እጅ ትኖሪያለሽ!"

እናቴ የምታደርገው ምን እንደሆነ እኔም አወቅኩት። አባዬ ካልመጣ እኛ እንሄዳለን። ሌላ ምን ታደርጋለች? ትኬቱ ያለው እጇ ላይ፣ ሰሌዳው ያለው ከራስጌዋ፣ መንገዱ ሃምሳ ደቂቃ! ልቤ ቅቤ ጠጣ። እርሳሱን እስከ ወገቡ ድረስ ቀርጬ ጨረስኩት።

ዛሬ እኔ ራሴ እናቴ ያኔ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌያለሁ። "የማደርገውን አውቃለሁ" የምትል ሴት ገጥማኝ ታውቃለች፤ እኔም ብዬዋለሁ። ሻንጣ የምታዘጋጅ ሴት እንዲህ ብላ አትናገርም። ያኔ ግን የእናቴን ፊት ቀና ብዬ ብመለከት ኖሮ የሚታየኝ አገጯ ብቻ ነበር።

ከዚያች ሐሙስ ጀምሮ አንድ ሐሳብ አላስቀምጥ አለኝ። አባዬ ዓርብ ከመጣ ጥቂት ቀን ሰንብቶ መሄዱ አይቀርም፤ ባለፈው ዓመትም መጥቶ በዐሥረኛው ቀን ሄዷል። ካልመጣ ግን እኛ ሄደን አብረን እንኖራለን። እንግዲያው ባይመጣ ነው የሚሻለው። በዚያ ላይ ከዳገቱ ይገላገላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚጎዳ ሰው ብፈልግ ብፈልግ አላገኝ አልኩ።

እሑድ ስልኩ ሲጮኽ እናቴ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር። እየሮጥኩ ሄጄ አነሳሁት።

"የኔ ቆንጆ! እንዴት ነሽ? አደግሽልኝ?"

"አድጌያለሁ አባዬ። እማዬ ልብስ እያሰጣች ነው፣ ልጥራት?"

"ቆይ፣ አትጥሪያት። ዓርብ ልመጣ እኮ ነው። ነገረችሽ?"

"አባዬ፣ አትምጣ" አልኩት።

የስልኩ መስመር ሲንሿሿ ይሰማኛል። "ምን አልሽ?"

"አትምጣ። መምጫው በጣም ሩቅ ነው፣ ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ነው። እኛ እንመጣለን። የእኛ ሃምሳ ደቂቃ ብቻ ነው።"

"ማነው እንደዚህ ያለሽ?"

"እማዬ ቢሮ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል።"

ሳቀ፤ አጭር ሳቅ፣ በአፍንጫው። ጉብዝናዬ ገርሞት ነው ብዬ ኮራሁ።

"እናትሽም እንደዚህ ነው የምትለው?"

"አዎ" አልኩ። ውሸት አልመሰለኝም። ሰሌዳውን ከኔ ይበልጥ የምታውቀው እሷ ናት፤ የማደርገውን አውቃለሁ ያለችውም እሷው ናት።

"እሺ" አለ። "እሺ የኔ ልጅ። እንግዲያው እናንተ ኑ" አለኝ።

"ልጥራት?"

"ተያት፣ ሥራዋን ትጨርስ። እኔው ራሴ እደውልላታለሁ።"

እናቴ ባዶውን ሳፋ ይዛ ስትገባ "ስልክ ጮኸ እንዴ?" አለችኝ። "ተሳስተው ነው" አልኳት። ድንገት እንድትደሰት ፈልጌ ነው። እጇ በውኃ ተኮማትሮ ነበር፤ በቀሚሷ እየጠረገች ስልኩን ትንሽ አየችውና ወደ ጓዳ ገባች።

አባቴ አልደወለላትም። እሱ ሳይደውል ዓርብ ደረሰ።

በዚያ ቀን እናቴ ከሥራ ቀደም ብላ ወጣች። ፀጉሯን ተሠርታለች፤ ወይዘሮ ማኅተም የጆሮ ጌጧን አውልቃ አድርጋላታለች፤ "ዛሬማ ገና ከአውሮፕላኑ ሳይወርድ ያይሻል" ብላ ስታሾፍባት እናቴ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እኔ ደግሞ ከውስጥ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። እኔ የማውቀውን አታውቅም! ጠዋት ከቤት ሳልወጣ ደብተሮቼን ከቦርሳዬ አውጥቼ አልጋዬ ሥር አድርጌ፣ በምትኩ ሁለት ሙታንታ፣ ቀሚሴንና የጥርስ ብሩሼን ከትቻለሁ። ትምህርት ቤት ውስጥ ደብተር የለሽም ተብዬ ጥግ ቆሜ ነበር የዋልኩት፤ ምንም አልመሰለኝም።

በአውሮፕላን ማረፊያው የመንገደኞች መውጫ ፊት ለፊት ያለው የብረት አጥር ከአንገቴ እኩል ነው፤ አገጬን ብረቱ ላይ አስደግፌ ቆምኩ። በሩ ራሱን እየከፈተ ይዘጋል። በተከፈተ ቁጥር የእናቴ ጣቶች ትከሻዬን ጨመቅ ያደርጋሉ፤ ሲዘጋ ይላላሉ። ሻንጣ የሚጎትቱ፣ ሕፃን ያቀፉ፣ ተቃቅፈው የሚያለቅሱ ወጡ። ከዚያ አንድ አንድ እየሆኑ ወጡ። ከዚያ ፓይለቱና አስተናጋጆቹ እየተሳሳቁ ወጡ። ከዚያ የሚጠርግ ሰውዬ መወልወያውን ይዞ ገባ።

እናቴ ከማውቃቸው የሥራ ባልደረቦቿ አንዱን ጠርታ አስጠየቀች። ወረቀት ይዞ ተመለሰ። "ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ እህቴ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሰውዬው ግን አልተሳፈረም።"

እናቴ "አመሰግናለሁ" አለችው። እዚያው ቆመን ቀረን። እኔ መታገስ አቃተኝ።

"እማዬ፣ አሁን እኛ ልንሄድ ነው አይደል?"

"የት?"

"አባዬ ጋ! ሃምሳ ደቂቃ እኮ ነው።"

ጎንበስ ብላ አየችኝ። ፊቷ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ተንበርክካ የሹራቤን ቁልፎች፣ የተቆለፉትን ቁልፎች፣ ፈትታ መልሳ ከላይ እስከ ታች ቆለፈቻቸው። ከዚያ የወይዘሮ ማኅተምን የጆሮ ጌጥ አወለቀችና በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች። ወደ ቤት ተመለስን። እኔ ነገ ነው የምንሄደው ብዬ ተኛሁ።

በማግሥቱ አልሄድንም። በሳምንቱም አልሄድንም። በየማለዳው የጥርስ ብሩሼን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጥርሴን እፍቅና መልሼ እከተዋለሁ። አባቴ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲደውል እናቴ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ አነጋገረችው፤ የሰማሁት "ሥራ ነው፣ ሥራ ነው፣ ሁልጊዜ ሥራ ነው!" ስትል ብቻ ነው። ወሩ ሲያልቅ እናቴ ከትኬት ሽያጭ ወደ ዕቃ ጭነት ክፍል ልዛወር ብላ ጠየቀች። አዲሱ ቦታዋ መስኮት የሌለው፣ ካርቶን ካርቶን የሚሸት፣ ግድግዳው ባዶ የሆነ ክፍል ነበር። ለእኔ የሚሆን በርጩማም የለውም፤ ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ቤት መግባት ጀመርኩ። ቁልፍ በክር አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። ባዶ ቤት በር ስከፍት የሚሰማኝ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ አሁንም እንደዚያው ነው የምገባው፣ ብቻዬን ነው የምኖረው።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ኳስ ይዞ መስኮቱ ዘንድ ቆመ። ኳሱን በብርሃኑ ፊት እያዞረ "እዚህ ቀትር ሲሆን እዚህ ገና ጠዋት ነው" አለ። "ስለዚህ አንድ ሰው አውሮፕላን ተሳፍሮ ወደዚህ ቢሄድ፣ ሲደርስ ሰዓቱን ወደ ኋላ ይመልሳል።" ክፍሉ በሙሉ ያዛጋል። እኔ ደብተሬ ላይ እደምራለሁ፣ እቀንሳለሁ። ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ሲቀነስ ሦስት። ሃምሳ ደቂቃ ሲደመር ሦስት። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ መሄጃው፣ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ መምጫው። ዳገት የለም፣ ቁልቁለት የለም። አባቴም እንቅልፋም አልነበረም። "አሞኛል" ብዬ አስፈቅጄ ወጣሁና መጸዳጃ ቤት ገብቼ ደወል እስኪደወል አለቀስኩ። እሱ ሊመጣ ነበር፤ እሷ እየጠበቀችው ነበር፤ መካከላቸው ገብቼ አትምጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ቤታችንን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

ለእናቴ ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ! ሆስፒታል ተኝታ ሳለች እንኳ አንድ ከሰዓት በኋላ "እማዬ፣ የዚያን ዓርብ ለታ..." ብዬ ጀምሬ ነበር። "ተይው፣ የሞተ ነገር አታንሺብኝ" አለችኝ። ተውኩት። ሳልነግራት ካለፈች ሁለት ዓመት ሆናት።

የቀረኝ እሱ ነበር። አባቴ በዓመት ሁለቴ ይደውልልኛል፤ ከእናቴ ከተፋታ በኋላ እዚያ ትዳር ይዞ ፈርሶበት፣ ጡረታ ወጥቶ፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ብቻውን ነው ያለው። አልመጣ ብሎኝ፣ እኔም አልሄድ ብዬው ኖረናል። ባለፈው ዓመት ከምሠራበት ላቦራቶሪ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ፤ አርባ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ፣ ወደዚያች ከተማ የመጀመሪያዬ ነበር። ዕድሜ አጥንቱን አሳንሶታል። እጁ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ የጣለበት ነጫጭ ጠባሳ እንዳለ ነው። ሻይ አፈላልኝና ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን። እንዴት እንደምጀምር ሳላውቅ ጀመርኩ።

"አባዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ያኔ በስልክ አትምጣ ያልኩህ የሰዓት ልዩነት የሚባል ነገር ስላልገባኝ ነው። እማዬ አላለችም። አታውቅም ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረሁህ።"

ስኒውን አሽከረከረው። "እሱን ነገር ታስታውሺዋለሽ እንዴ?"

"ረስቼው አላውቅም።"

"ውይ፣ የኔ ልጅ" አለ። ከልቡ አዘነልኝ። እጁን ዘርግቶ እጄን ያዘ። "በዚህ ምክንያት ነው ስትሰቃዪ የኖርሽው? እኔ እኮ ወዲያው ነው የገባኝ። ሰሌዳው ላይ ያለውን እንዳለ ቀንሰሽ ነው ብዬ ስቄ የለ? መንገዱ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ መሆኑን እያወቅኩ የስምንት ዓመት ልጅ አትምጣ ስላለችኝ የምቀር ይመስልሻል?"

"ታዲያ ለምን ቀረህ?"

"ድሮም ልመጣ አልነበረም" አለ። ይህን ሲል ፊቱ ላይ ምንም ክፋት የለም። "ሻንጣ እንኳ አላወጣሁም። እናትሽን እሺ ያልኳት እንዳትነዘንዘኝ ብዬ ነው። እንዴት ብዬ እንደምቀር ሳወጣ ሳወርድ አንቺ ስልኩን አነሳሽው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስልኩን ስዘጋ ቀለል አለኝ። ለእናትሽ አልነገርኳትም፤ ብነግራት ያንቺን ስህተት በአንድ አፍታ ታርመውና መምጣቴ ነው። ስለዚህ ያንቺ ጥፋት አይደለም። አይዞሽ። ከዛሬ ጀምሮ አውጥተሽ ጣይው።"

ሊያሳርፈኝ ብሎ ነው፤ ይገባኛል። ወደ ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩትን በአንድ ስኒ ሻይ አወረደልኝ። ግን በዚያ ጥፋት ሥር አንድ የኔ የምለው ነገር ነበረኝ። አባቴ ሊመጣ ነበር፣ ወዶን ሻንጣውን ዘግቶ ነበር፣ እኔ ባላበላሸው ኖሮ ያ በር ተከፍቶ ይወጣ ነበር። ባዶ ቤት በገባሁ ቁጥር ያንን ነበር እያሰብኩ የምገባው። ጥፋተኛ ሆኜ ብኖርም የተወደድኩ ልጅ ነበርኩ። እጄን ከእጁ ቀስ ብዬ አወጣሁ።

"መመለሻሽ መቼ ነው?" አለኝ።

የገዛሁት የአንድ ሳምንት ትኬት ነበር። "ነገ" አልኩት።

"ነገ? እንዲህ ቶሎ?" ተነስቶ የእኔንም የራሱንም ስኒ ሰበሰበና ወደ ማጠቢያው ሄደ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ቧንቧውን ከፈተ። "እንግዲህ ሥራ ካለሽ ምን ይደረጋል" አለ ውኃው መሐል። "ታክሲ በስንት ሰዓት ልጥራልሽ?"